ነጩ የሌለበት ቢጫ

ሰኞ፣ ጥቅምት 6

ባለሱቋ «አሮጊቷ ባሏ የሞተበት መኪና ውስጥ ታድራለች» እያለች ታወራለች አሉ። ውሸት ነው። አላድርም። የማድረው አልጋዬ ላይ ነው፤ አንሶላዬም በየሳምንቱ ይታጠባል። መኪናዋ ውስጥ የምቀመጠው ከዘጠኝ ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ነው፤ እሱም ዝናብ ከሌለ። የምቀመጠውም በሹፌሩ ወንበር ሳይሆን ከጎኑ ነው። ብቻዋን ታወራለች የተባለውም ትክክል አይደለም። ጮክ ብዬ አነባለሁ... የጥገና መጽሐፉን። ዓይኔ ሲደክም ጆሮዬ እንዲያግዘው ነው።

ስለ ሰው የሚወራ ነገር ቢያንስ ሰዓቱ እንኳ ትክክል ቢሆን ምን ነበረበት?

ሌላ የሚጻፍ የለም። የጋራዡን ወለል ጠረግሁ። የመሣሪያ ሰሌዳውን አየሁ። አሥራ ሦስት ቁጥር መፍቻ ቦታዋ ላይ የለችም፤ በቀለም የተሳለው ቅርጿ ብቻ ነው ያለው። ማንም አልገባም። ታዲያ ማን ወሰዳት? እኔው ነኝ። የት እንዳኖርኳት ግን...

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 7

አሥራ ሦስት ቁጥር ተገኘች። ወጥ ቤት፣ ከማንኪያዎቹ ጋር። ይህን ለማንም አልናገርም።

ከሰዓት በኋላ አንድ ሰው መጣ። አሮጌ መኪና ይሰበስባል። ነጭ ጫማ አድርጎ ጋራዥ የገባ የመጀመሪያው ሰው ሳይሆን አይቀርም። መኪናዋን ሦስት ጊዜ ዞራት።

«እናቴ፣ ይቺን ለእኔ ይልቀቁልኝ። ከፍ ያለ ቦታ ነው የማስቀምጣት።»

«የት?»

«እንግዳ ማረፊያዬ በር ላይ። ሲሚንቶ አስገነባላታለሁ። ኮፈኗን ከፍቼ አበባ እተክልባታለሁ።»

«ሞተሩስ?»

«ሞተሩማ ይወጣላ!»

አበባ። የአሮጌ መኪና አፍቃሪ ነኝ ይላል። አራቱንም ጎማ የምታስጎትተውን አጭሯን ዘንግ ይዞ «ይቺ የእጅ ፍሬን ናት?» አለኝ። የእጅ ፍሬኑ የት እንዳለ አሳየሁት። አመሰገነኝ። ቅዳሜ ሳምንት ተመልሶ ይመጣል።

እንቢ አላልኩትም። ለምን? የዓይን ሐኪሙ የግራው ሞራ እየበሰለ ነው ብሎኛል። ቀኙም ይከተላል። ሰባት ዓመት በሸራ ሸፍኜ ያስቀመጥኳትን መኪና ሳላያት የምቀመጥባት ቀን ሩቅ አይደለም። ከዚያ በኋላ ማን ይጠብቃታል? አበባም ቢሆን...

ግን እንዲሁ አትሄድም። ተጎትታ ነው የገባችው፤ በራሷ ጎማ፣ ፍሬን ኖሯት ትወጣለች። የፊቱን ፍሬን እኔው እሠራለሁ፤ ለሰውየውም ነግሬዋለሁ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 9

መኪናዋን፣ ድንክዬን፣ አነሳናት። «አነሳናት» ስል እኔና በያጁ ማለቴ ነው። ጎረቤቴ ነው፤ ከአጥሩ ማዶ ብረት ሲበይድ ይውላል። ሃያ ዓመት አብረን ቆሽሸናል። ትልቁን ክሪክ እየጎተተ መጣ።

«እማማ፣ ዛሬ ደግሞ ከሟቹ ጋር ሽርሽር ሊወጡ ነው?»

«ክሪኩን ከሻንሲው ሥር አድርገው። ከአክስሉ ሥር አይደለም።»

«አውቃለሁ እኮ።»

«ካወቅህ ለምን ከአክስሉ ሥር አደረግኸው?»

ሳቀ። አስተካከለው። ሻንሲው ሲነሳ ጎማዎቹ ይንጠለጠላሉ፣ ክብደቷን የሚሸከመው ባሌስትራ ይለቃል፣ ከላይ ወደ ታች የሚወርደው ሁሉ እስከ መጨረሻው ይዘረጋል። የመኪና ሆድ መታየት ያለበት እንዲህ ሆኖ ነው። መሬት ላይ ቆማ ሁሉም ነገር ደህና ይመስላል።

ድንክዬ ያላት ባለቤቴ ነው። አጭር ናት፣ አራት ማዕዘን፣ ጣራዋ ሸራ። ከትዳራችን በሁለት ዓመት ታንሳለች። አደጋው በደረሰበት ሳምንት ከፍ አድርገናት ነበር፤ ሆዷን ድንጋይ እንዳይነካው ረዣዥም ባሌስትራ ገባላትና አራት ጣት ያህል ከመሬት ራቀች። «ድንክዬ ተረከዝ አደረገች» እያለ ለመንገደኛው ሁሉ ሲያወራ ነበር። ለሦስት ቀን።

ሥራው የልጃችን ነበር። መኪና ከፍ ሲል ከሻንሲው ወደ ጎማው የሚወርደው የፍሬን ቱቦም በረጅም መቀየር አለበት። አልተቀየረም። የድንጋይ ካባው ቁልቁለት ላይ የግራው ጎማ ጉድጓድ ውስጥ ገባ፣ ተንጠለጠለ፣ ቱቦው ተወጠረ፣ ተበጠሰ። በእንዲህ ያለ አሮጌ መኪና የፍሬኑ መስመር አንድ ነው፤ አንዱ ቱቦ ከሄደ አራቱም ጎማ ያለ ፍሬን ይቀራል። ይኸው ነው። ሪፖርቱን የጻፈው የትራፊክ መኮንን የእጁ ጽሕፈት አስቀያሚ ነበር። ነገሩ ግን ትክክል ነው።

እሑድ፣ ጥቅምት 12

ልጄ መጣች። በየሁለት ሳምንቱ እሑድ ትመጣለች፤ ቀርታ አታውቅም። ሳሙናና የዓይን ጠብታዬን ይዛ። መጋረጃ መሸጫ ነው የምትሠራው፤ የሰው መስኮት ትለካለች። ማርሽ አውርዳ፣ በትና፣ ሳትጽፍ መልሳ የምትገጥም ልጅ ነበረች። አባቷ እንኳ ወረቀት ላይ ይጽፍ ነበር።

በጋራዡ በኩል መግባት ይቀርባታል። ግን በጓሮ ዞራ ነው የምትገባው። ሰባት ዓመት። ጥፋተኛ እግር እንደዚያ ነው እል ነበር... ለራሴ።

ሳህን እያጠበች ክንዴን አየችው።

«እማ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ግራሶ።»

«ከየት አመጣሽው?»

«ከድንክዬ።»

ሳህኑ እጇ ላይ ቆመ። «እሷን ለምን ትነኪያታለሽ?»

«ሰው ሊወስዳት ነው። ፍሬኗን ልሥራላት ብዬ ነው።»

«የፊቱን?»

«የፊቱን።»

ውኃውን ዘጋችው። «እንዲሁ ትሂድ በቃ። ይጎትቷት። በዚህ ዓይንሽ ሥሯ አትግቢ።»

«እንዲሁ የሚሄድ መኪና ከእኔ ጋራዥ ወጥቶ አያውቅም።»

«አንድ ወጥቷል» አለች።

ጥፋቷን በራሷ አፍ ተናገረች፤ ምን እጨምርባታለሁ? ሳህኖቹን በመጠን ደርድራ ሄደች።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 15

ሁለት ቀን ሙሉ ማጽዳት ብቻ። ጭቃው እንደ ሸክላ ደርቋል። በናፍጣ አርሼ፣ በሽቦ ብሩሽ ፍቄ፣ በጥርስ ብሩሽ ጨረስኩ። ጀርባዬ... ስለ ጀርባዬ አልጽፍም።

ከጭቃው ሥር ቀለሞቹ ወጡ። ደስ አለኝ ልበል? አለኝ።

ይህን ደንብ ያመጣሁት ከትምህርት ቤት ነው። የብረት ሥራ መምህራችን፣ ባለ ብረቱ ማስመሪያ። ከአርባ ተማሪ አንዷ ሴት እኔ ነበርኩ። ሦስት ወር አንድ ቁራጭ ብረት ሞርዶ አራት ማዕዘን ማድረግ ብቻ። የጎበጠ ካገኘ ጣት ላይ ያሳርፋታል። «አየሁት አትበይኝ፣ ነካሁት በይኝ» ይል ነበር። የጠበቀ ዳዶ ላይ ያጠበቀው ሰው ነጭ ጭረት ያደርጋል። ቀጥሎ ሌላ ሰው በመፍቻ ነክቶ፣ ፈትሾ፣ በነጩ ላይ ቢጫ ይደርባል። ነጭ ማለት «ጨርሻለሁ» ማለት ነው። ቢጫ ማለት «ነክቼ አረጋግጫለሁ» ማለት ነው። ነጭ በሌለበት ቢጫ አይደረግም። ቢጫ የሌለበት መኪና ከበር አይወጣም።

በጋራዣችን ነጩ የልጄ ነበር፣ ቢጫው የእኔ። ባለቤቴ «ያንቺ ቢጫ ካለበት ዓይኔን ጨፍኜ እነዳለሁ» ይል ነበር። በቀልድ።

ድንክዬ ላይ ሠላሳ ስድስት ቦታ አለ። ከኋላ ጀምሬ እስካሁን ሃያ ሁለት አጽድቻለሁ። ነጭ፣ ቢጫ። ነጭ፣ ቢጫ። ያማረ ሥራ ነው። ያማረ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 16

ሠላሳ አራቱ ደህና ናቸው።

ሠላሳ አምስተኛው፣ የግራ የፊት ቱቦ ከሻንሲው ጋር የሚታሰርበት ዳዶ። የተበጠሰው ቱቦ ግማሹ አሁንም እዚያው ተንጠልጥሏል። ዳዶው ላይ ያለው ጭቃ ከሌላው ይልቅ ወፍራም ነበር። አጠብኩት። ቢጫ። ደግሜ አጠብኩት። ቢጫ። በባትሪ አየሁት፣ በማጉያ መስታወት አየሁት፣ በቀኝ ዓይኔ ብቻ አየሁት።

ነጭ የለም።

ወደ ቀኙ ዞርኩ። ሠላሳ ስድስተኛው። ቢጫ። ነጭ የለም።

ምናልባት ታጥቦ ይሆን? ነጩ ታጥቦ ከላዩ የተደረበው ቢጫ ይቀራል? አይቀርም።

ቢጫው የእኔ ነው። ከታች ወደ ላይ አንድ ጭረት፣ ጫፉ ላይ ቆም ያለ። እንደዚያ የሚጭር ሌላ ሰው የለም።

ልጄ አልጨረሰችም ነበር። አልጨረስኩም ብላ ነጩን ትታው ነበር። እኔ...

ዓርብ፣ ጥቅምት 17

ዘነበ። አልሠራሁም።

አልዘነበም። ለራሴ በምጽፈው ምን ያስዋሸኛል?

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 18

ባለ ነጭ ጫማው በቀጠሮው መጣ። ሰዓት ማክበሩን ወደድኩለት።

«እናቴ፣ ወሰኑልኝ? ሰኞ ሳምንት መጎተቻ መኪና ይዤ ልምጣ?»

«ና።»

«ፍሬኗን እሠራለሁ ብለው አልነበር?»

«አበባ ፍሬን ምን ያደርግለታል?»

ሳቀ። ቀልደኛ ነዎት አለኝ።

እሱ ሲወጣ ጨርቅ ላይ ቲነር ጠብ አደረግሁና ከሥሯ ገባሁ። የቀኙን ጠረግሁት። አንድ ጊዜ ሳብ ሳደርገው ለቀቀ። ሰባት ዓመት የቆየ ቀለም እንዲህ በቀላሉ ይለቃል? ብረቱ ንጹሕ ሆነ። ማንም ነክቶት የማያውቅ ዳዶ መሰለ።

ወደ ግራው ልዞር ጨርቁን ስገለብጥ ኪስ አየሁ። የደረት ኪስ፣ በክር የተሰፋ፣ የእርሳስ ማስገቢያ ያለው። ከልጄ ቱታ የተቀደደ ነው። ትታው ስትሄድ ለጋራዥ ጨርቅ ያስፈልጋል ብዬ ቀደድኩት፤ ስምንት ቦታ፣ እኩል እኩል አድርጌ።

የግራውን አልነካሁትም። ተንጋልዬ ቆየሁ። በያጁ ከአጥሩ ማዶ «እማማ፣ እዚያው ተኙ እንዴ?» አለ። «እየሠራሁ ነው» አልኩት።

እሑድ፣ ጥቅምት 19

ያን ቀን፣ የአደጋውን ዋዜማ፣ እንደ ሥራ መዝገብ ልጻፈው። በቅደም ተከተል።

ሐሙስ ነበር። ስምንት ሰዓት ላይ ልጄ «ዕቃ ልጠይቅ ልሂድ» ብላ ወጣች። ምን ዕቃ? አልጠየቅኋትም። መኪናዋ መሬት ላይ ቆማለች፤ ትልቁን ክሪክ በያጁ ለራሱ ሥራ ወስዶታል። ጎማዎቹ ካልተንጠለጠሉ የፍሬን ቱቦ ማየት አይቻልም፤ መሬት ላይ አጭሩም ቱቦ ልል ነው። ይህን ለስንት ሰው አስተምሬያለሁ?

ቢጫውን ይዤ ከሥሯ ገባሁ። ከኋላ ጀመርኩ። ሠላሳ አራቱን በመፍቻ ነካኋቸው። ትከሻዬ ያመኝ ነበር... ይህ ምክንያት አይደለም፣ ትከሻዬ ሁልጊዜም ያመኛል። የቀሩት ሁለቱ ናቸው። ክሪኩ እስኪመለስ መጠበቅ ነበረብኝ። «የልጄ እጅ ነው» አልኩ። ሠላሳ አራቱን ምንም እንከን አላገኘሁባቸውማ። እጄን ዘርግቼ ጭረት፣ ጭረት። ነጩን እንኳ አልፈለግሁም።

ባለቤቴ ጎንበስ ብሎ አየኝ። «ጨረስሽ?» «ጨረስኩ።»

በማግስቱ ጠዋት ወደ ካባው ወጣ። የሰዎቹ የውኃ ፓምፕ ተበላሽቶ ነበር።

ልጄን ሳልፈትሽ ያመንኩት ያን ቀን ብቻ ነው። በዕድሜዬ ሙሉ። ጎበዝ ነሽ ብያት አላውቅም፤ ትኩራራለች ብዬ። እና ባመንኩባት ቀን...

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 21

በያጁ ክሪኩን ሊወስድ መጣ። ሻይ ሰጠሁት። ስኳር ስንት እንደሚፈልግ ስጠይቀው ደነገጠ።

«ልጄ ከአደጋው በኋላ ጋራዥ ሥራ ጠይቃ ነበር?»

«ጠይቃለች እንጂ። ከታች ያሉትን ሁለቱንም።»

«ለምን አልቀጠሯትም?»

«እማማ፣ አሁን ይሄን ምን አስነሳዎት? ሻዩን ልጠጣበት።»

«ጠየቅሁህ።»

ብርጭቆውን አዞረ። «የአባቷን ፍሬን ያላሰረች የደንበኛ ፍሬን ታስራለች ወይ አሉ። እንግዲህ እነሱም... ሰው ይፈራል።»

«ማን ነገራቸው?»

ቀና ብሎ አየኝ። ሃያ ዓመት ሲያውቀኝ እንዲህ አይቶኝ አያውቅም።

«እርስዎ ነዎታ፣ እማማ። ለሁላችንም። በቀብሩ ማግስት፣ እዚህ ግቢ ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጠው።»

አዎ። «ፍሬኑን ያሰረችው ልጄ ናት።» ያልኩት ይህን ብቻ ነው። አንድም የውሸት ቃል የለበትም። ያሰረችው እሷ ናት። የባለቤቴ እህት ነበረች፣ ባለሱቋ ነበረች፣ የጋራዥ ሰዎቹ ነበሩ። ልጄ ውኃ እያደለች ነበር። ሰማች። ትሪውን አስቀምጣ ወጣች።

ዓርብ፣ ጥቅምት 24

ደብዳቤ ጀመርኩላት። ሦስት ጊዜ። በሦስቱም የቃላት አቀማመጥ አስተካከልኩ እንጂ ነገሩን አልጻፍኩም። ቀደድኩት።

መጎተቻው ሰኞ ይመጣል። ሰኞ ድንክዬ ትሄዳለች፣ የግራው ዳዶም አብሯት ይሄዳል፣ ሥሩ አበባ ይበቅልበታል። ከእኔ በቀር የሚያውቅ አይኖርም። ይህን እያሰብኩ ምሳዬን በላሁ። ሙሉውን። ምግብ እንኳ አልዘጋኝም።

እሑድ፣ ጥቅምት 26

የጋራዡን በር ከፍቼ ቆሜ ጠበቅኋት። ስታየኝ ወደ ጓሮው ልትዞር ነበር።

«በዚህ በኩል ነይ።»

«በዚያ ይሻለኛል።»

«ነይ፣ ልጄ።»

ልጄ ያልኳት... እዚህ ደብተር ላይ በየገጹ እላታለሁ። በአፌ ግን ከመቼ ወዲህ? እሷም ሰምታዋለች መሰለኝ፣ ገባች። መኪናዋን አላየችም። የመሣሪያ ሰሌዳውን ነው ያየችው። ሄደች፣ አሥራ ሦስት ቁጥርን አወረደች፣ ገልብጣ መልሳ ሰቀለቻት። ለካስ ተገልብጣ ነበር። ከማንኪያዎቹ መሐል ካመጣኋት ጀምሮ በየቀኑ እያየኋት።

ባትሪውን ሰጠኋት። «የግራውን የፊት ቱቦ እዪው።»

«አላይም።»

«እዪው ብያለሁ። ዳዶው ላይ...»

«አይቼዋለሁ፣ እማ።»

«መቼ?»

«ፖሊስ ግቢ ቆማ ሳለ። ከቀብሩ በፊት። ዕቃውን ከመኪናው ላውጣ ብዬ ገባሁ። ጭቃውን በጥፍሬ ፍቄ አየሁት።» ባትሪውን ታበራለች፣ ታጠፋለች። «ከዚያ መልሼ ጭቃ ለጠፍኩበት። መኮንኑ እንዳያየው። አንቺም እንዳታዪው።»

ወፍራም የነበረው ለዚህ ነው። ዝናብ ያመጣው ጭቃ መስሎኝ ነበር።

«ለምን አልነገርሽኝም? በግቢው ያን ስናገር... ለምን ዝም አልሽ?»

«አባዬ በጠዋት ደውሎልኝ ነበር። ከመውጣቱ በፊት። ቱቦው አጭር ነው፣ ረጅሙ ነገ ነው የሚመጣው፣ ነጭ አላደረግሁም አልኩት። ‹እናትሽ ቢጫ አድርጋበታለች እኮ› አለኝ።» ድምፅዋ ደረቅ ነው፤ ዕቃ የምትቆጥር ይመስላል። «እኔ ከወጣሁ በኋላ ማታ የሆነ መላ አግኝተሽለት ይሆናል አልኩ። ቱቦ ከሌላ መኪና ፈትተሽ ይሆናል አልኩ። አንቺ ያለፍሽውን እኔ ማን ነኝ? ‹እንግዲያው ሂድ› አልኩት። ሂድ ያልኩት እኔ ነኝ፣ እማ። ያንቺን ቢጫ እኔም አመንኩት።»

ሦስታችንም አመንነው ማለት ነው። እሱ፣ እሷ፣ እኔ። ሥሯ ገብቶ ቱቦውን የነካ ግን የለም።

ከዚያ ጎንበስ አለች። ጉልበቷ ወለሉን ነካ፤ መጋረጃ የምትሸጥበትን ቀሚስ እንደለበሰች። መብራቱን ወደ ግራ አደረገች። ቆየች። ወደ ቀኝ አደረገች።

«የቀኙስ?»

«ጠረግሁት።»

«መቼ?»

«የዛሬ ስምንት ቀን፣ ቅዳሜ። ወደ አምስት ሰዓት ገደማ።»

ሳቀች። እንደ አባቷ ነው የምትስቀው፣ ድምፅ የለውም፣ ትከሻ ብቻ። «እኔ በጭቃ፣ አንቺ በቲነር» አለች። ከዚያ መሬት ላይ ተቀመጠች፣ ጀርባዋን ለጎማው ሰጥታ።

«ሰባት ዓመት የሰው መስኮት ለካሁ፣ እማ። ሰባት ዓመት በጓሮ ዞርኩ። አንቺ ፊቴን አይተሽ ‹ጥፋተኛ ናት› ስትዪ ይሰማኝ ነበር፤ አፍሽን ሳትከፍቺ። ይሁን አልኩ። ሁለቱንም ከምታጪ አልኩ... ባልሽንም፣ ቢጫሽንም።»

ይቅርታ ጠየቅኋት። ቆሜ፣ በሙሉ ቃል፣ ያደረግሁትን አንድ በአንድ ቆጥሬ። ስለ ክሪኩም ነገርኳት። «የልጄ እጅ ነው» ብዬ እንዳለፍኩትም ነገርኳት። እዚያ ላይ ስደርስ ብቻ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ሰማሁ» አለች።

ሰማሁ ማለት ይቅር አልኩ ማለት አይደለም። ሰማሁ ማለት ሰማሁ ማለት ነው። ከዚህ በላይ እንዳነበው አልፈቅድም።

ስትሄድ በጋራዡ በር ነው የወጣችው። «በሁለት ሳምንት ትመጫለሽ?» አልኳት። ጠይቄያት አላውቅም፤ ሳልጠይቃት ትመጣ ነበር። «እንጃ» አለች። እንጃ ብላኝም አታውቅም።

ሳሙናውን ጠረጴዛው ላይ ትታዋለች። ቀሚሷ ላይ ግራሶ ነበር። ልነግራት ስል ጠፋች።

አሁን አሥራ አንድ ሰዓት ነው። ዛሬ ድንክዬ ውስጥ አልተቀመጥኩም። የነገውን ልጻፍ።

ነገ፦ አራት ሰዓት ላይ መጎተቻውን ባዶውን መመለስ። ድንክዬ አትሄድም። የግራው ቢጫ እዚሁ ይቆያል፤ ማየት የፈለገ መጥቶ ይየው። ባለ ነጭ ጫማው ይናደዳል። ይናደድ።

ከዚያ በፊት፣ ሦስት ሰዓት ላይ፣ የባለቤቴ እህት ዘንድ መደወል። እያለቀሰች ታቋርጠኛለች። እስክትጨርስ ጠብቄ ከቆምኩበት መቀጠል።

ከዚያም በፊት፣ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ከታች ያሉት ሁለቱ ጋራዦች። ባለቤቶቹን ራሳቸውን ማናገር፣ ሠራተኞቹም ባሉበት። ዓይኔ መንገዱን ካላሳየኝ በያጁ ይይዘኛል። እሱም ይስማ።

ከሁሉ በፊት ግን፣ አንድ ሰዓት ላይ፣ መዝጊያዋን ስታነሳ፣ ባለሱቋ። ወሬ በማዳረስ እሷን የሚያህል የለም። «ፍሬኑን ሳትነካ ያሳለፈችው አሮጊቷ ናት» ብላ ታውራ። ቀኑንና ሰዓቱን በወረቀት ጽፌ እሰጣታለሁ፤ እንዳታዛባው።